ውቅርና ጥፍጥፍ

የክላሽ ገላ በሁለት መንገድ ይሠራል። ገላ የምለው ቃታውና የጥይት ማቀባበያው የሚቀመጡበትን መካከለኛውን ሳጥን ነው። አንደኛው ዓይነት ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ሁለተኛው ከላሜራ ተቆርጦ፣ በከባድ መጫኛ ተጨፍልቆና ታጥፎ ይሠራል። ይህን ያወቅሁት መሣሪያ ወድጄ አይደለም፤ እስከ ዛሬም አልወድም። ያወቅሁት ግዴታ ስለነበረ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ግዴታ ነበር።

በዩኒቨርሲቲ የመካኒክ ምህንድስና ተምሬ የተመደብሁት ተወልጄ ባደግሁበት በባሕር ዳር፣ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። በክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ስገባ ወንዶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ስወጣ ደግሞ የሚስቁት ከበሩ ሳልርቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በሙሉ ለሚሊሺያ ሥልጠና ሜዳ ይወጣል። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሴት ጠመንጃ ስትይዝ ሲያይ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። አንድ ቅዳሜ ሁለት ክላሽ ሸራ ላይ ጎን ለጎን አጋደመና አንዱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ።

«ይቺ ውቅር ናት» አለ። «ያቺኛዋ ጥፍጥፍ። ውቅሯ የሕግ ሚስት ናት፤ ጥፍጥፏ ቅምጥ። ገባችሁ?»

ወንዶቹ ሳቁ።

«ኢንጅነሯስ፣ ገባሽ?»

ገብቶኛል አልሁ። እንኳን ለእሱ ለራሴም አልተሰማኝም።

በእኛ አገር ውቅር የሚባለው ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። የወፍጮ ድንጋይም ሲሳልና ሲሻክር ተወቀረ ይባላል። ጥፍጥፍ ሲባል ደግሞ በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኩበት ነው። ስሙን ያወጣላቸው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ስሙ ፍርዱንም ይዞ ነበር። ገበሬው ለውቅሩ ሁለት በሬ ይሸጣል፤ ጥፍጥፉን ቢሰጡት ፊቱን ያዞራል። ሃምሳ አለቃውም «ቆርቆሮ ነው፤ ይቀደዳል» እያለ ጥፍጥፉን እንደ ውሻ ይገፋው ነበር።

ሁለቱንም በየተራ አንስቻቸዋለሁ። ውቅሩ ይከብዳል፤ ጎኑ ልሙጥ ነው። ክብደቱን ለመቀነስ ሲባል ከጥይት ካዝናው በላይ እንደ ገበቴ ረዘም ያለ ጎድጓዳ ተፍቆለታል። ጥፍጥፉ ቀለል ይላል፤ ጎኑ ላይ ላሜራውን የሚያያይዙት የሪቬት ራሶች ይታያሉ፤ ካዝናው ከሚገባበት በላይ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስል ትንሽ ስርጉድ አለው። አሰልጣኙ የሚለው ትክክል አልነበረም። ውቅሩን ለመሥራት ከባድ የብረት ጉማጅ ይገባና አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ይጣላል፤ ማሽኑም ባለሙያውም ረጅም ሰዓት ይደክማሉ። ጥፍጥፉ ግን ቶሎ ያልቃል። ላሜራው ቀጭን ቢሆንም እጥፋቱ ያበረታዋል፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮም የሚበረታው በሽንሽኑ ነው። ሲገድሉ ደግሞ ሁለቱም እኩል ናቸው። ይህን ሁሉ በሆዴ አልሁና ጠመንጃውን መልሼ ሸራው ላይ አጋደምሁት።

ቤታችን በሹም አቦ በኩል ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ወንድም የለኝም፤ የምንኖረው አባቴና እኔ ነን። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ዜማውን እያዜሙ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቀጽሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የዕድሜ ልክ ንባብ ዓይናቸውን ጨርሶት ስለነበር ሰውን በድምፁ፣ ዕቃን በጣታቸው ይለዩ ነበር። አንድ ነገር ግን አይለቁም፤ ቃል። ቃል ከተሳሳተ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ያርማሉ። በአንድ ተዝካር ላይ ጠላ ይዞ የቆመ አሳላፊ፣ ሲያርሙት ብዙ ከመቆሙ የተነሣ ጠላውን እግሩ ላይ አፍስሶታል።

ያ ጠባይ ነው ጠላት ያፈራባቸው። የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ በአንድ ስብሰባ ላይ የአቋም መግለጫ ሲያነብ «አድኃሪዎችን እንመነጥራለን» ማለት አቅቶት «አዳሪዎችን እንመነጥራለን» አለ። አባቴ ከኋላ ሆነው፣

«ልጄ፣ አዳሪማ እንግዳ ነው» አሉት። «እራት ይቀርብለታል እንጂ ለምን ይመነጠራል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አንተ ይላቸው ጀመር፤ በዕድሜ ግን ልጃቸው ይሆናል።

እያንዳንዱ ቤት በተራ ለሰፈር ጥበቃ ሰው ማውጣት ነበረበት። ከኛ ቤት የሚወጡት አባቴ ነበሩ። የማያይ ሰው ምን ይጠብቃል የሚል አልነበረም፤ ለቀበሌው ዋናው ተራው መሙላቱ ነው። ማታ ከቀበሌው አንድ ክላሽ ይሰጧቸዋል፤ ጠዋት ይመልሳሉ። ሌሊቱን ውዳሴ ማርያም እየደገሙ እንደሚያነጉት አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት መሣሪያውን ሊመልሱ ሲሄዱ ኃላፊው ከሁለት ጥበቃዎች ጋር በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። የተባባሉትን በኋላ ከራሳቸውም ከአንደኛው ጥበቃም ሰምቻለሁ፤ ልዩነት የለውም።

«የኔታ፣ ማታ የተቀበልኸው መሣሪያ ውቅር ነው ጥፍጥፍ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንዱን በል። ውቅር ነው ጥፍጥፍ?»

«ጥፍጥፍ ኩበት ነው። ይህ ውቅር ነው፤ የተወቀረበት ይኸው» አሉ አባቴ፤ አውራ ጣታቸውን ጎኑ ላይ እያሳረፉ።

ኃላፊው ወደ ሁለቱ ዞረ። «ሰማችሁ አይደል። ውቅር ተቀብሎ ጥፍጥፍ ነው ያመጣልን።»

ከቀበሌው መሣሪያዎች አንድ ውቅር ከጠፋ ሰንብቶ ነበር ለካ። ማን እንደወሰደው አላውቅም። የምጠረጥረው ሰው አለ፤ ማስረጃ ስለሌለኝ አልጽፈውም። አባቴ በዚያው ሰሞን ለንግሥ በታንኳ ሐይቁ ላይ ወዳለ የደሴት ገዳም ተሻግረው ስለነበር ኃላፊው ታሪኩን እዚያው በሩ ላይ ሠርቶ ጨረሰው፤ መሣሪያውን በታንኳ አሻግሮ ማዶ ላሉት ወንበዴዎች ሸጦታል አለ። ማዶ ማለት በይፋግ በኩል ያለው የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ያኔ ከዚያ አቅጣጫ ስለ ጦርነት የማይወራበት ቀን አልነበረም። አባቴን ቀበሌው ግቢ ውስጥ ባለች መስኮቷ ጠባብ ክፍል ዘጉባቸው። እሑድ በነዋሪው ፊት ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ሰኞ ወደ ላይ ይላካሉ ተባለ። ወደ ላይ የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈሩ ያውቃል። ከጎረቤታችን የአንዱ ተመልሶ የመጣው ልብሱ ብቻ ነው።

ስንቅ ይዤ ሄድሁ። ጥበቃው እንጀራውን በጣቱ ወጋ ወጋ አድርጎ ካየና በሩ ላይ የተባለውን ከነገረኝ በኋላ በመስኮቷ እንዳነጋግራቸው ፈቀደልኝ።

«አባ፣ ያ ጎድጓዳው ምን ያህላል?»

«የቱ?»

«ጠመንጃው ጎን ላይ ያለው፤ የተወቀረበት ይኸው ያሉት።»

«አውራ ጣቴን ያህላል። ስደግም እዚያ አሳርፈዋለሁ።»

«ረዘም ያለ አይደለም? እንደ ገበቴ?»

«አውራ ጣቴን ነው ያልሁሽ።»

የነገሩ ሥር ያን ጊዜ ገባኝ። «እንግዲያው ጥፍጥፉ ነው» አልሁ። «ከመጀመሪያውም የተሰጠዎ እሱ ነው። የተቀበሉትን ነው የመለሱት።»

«ጥፍጥፍ አይደለም።»

«የነሱ አጠራር ነው አባ። ከላሜራ የተሠራውን ጥፍጥፍ ይሉታል። እሑድ ሲጠይቁዎ ‹ተሳስቻለሁ፤ የተሰጠኝ ጥፍጥፉ ነው› ይበሉ። ሌላ ምንም ማስረጃ የላቸውም። በእጃቸው ያለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።»

እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«የወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር ምን ይሆናል?» አሉ።

«አባ…»

«መልሺልኝ። ምን ይሆናል?»

«ይሰረጎዳል።»

«ይህም ተሰርጉዷል። ስለዚህ ውቅር ነው። ስሕተት ያልሆነውን ስሕተት ነው ብዬ በሰው ፊት አልናገርም።»

«ሊገድሉዎ ነው።»

«አንቺ የተማርሽው ብረት ነው፤ ስለ ብረት ተናገሪ። ቃሉን ለኔ ተይልኝ።»

ያን ቀን አባቴን ጠላኋቸው። በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስመለስ ኃላፊውን ረስቼ የምረግመው እሳቸውን ነበር። አንዲት ቃል ይዘው ሊሞቱ ነው፤ እሷንም ቃል የያዟት አጉል ነው። ሲወቀር ይሰረጎዳል ማለት የተሰረጎደ ሁሉ የተወቀረ ነው ማለት አይደለም። ይህን ተማሪያቸው ቢስተው በመቋሚያ ጫፍ ይነኩት ነበር።

ስብሰባው የተጠራው ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነው። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል ስለተባለ አዳራሹ ሞልቷል፤ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች በግራ በኩል ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ የተሰላቸ ሰው ነበር፤ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል። ኃላፊው ክላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ ነቅቶ መጠበቅ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ ወደ አባቴ ዞረ።

«ለነዋሪው ድገምለት። ሌሊት የያዝኸው መሣሪያ ምንድን ነው?»

«ውቅር ነው» አሉ አባቴ፤ መዝሙር እንደሚመሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወይ የኔታ፣ አፋቸው በላቸው» ስትል ሰማሁ።

እንዴት እንደቆምሁ አላስታውስም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በክፍል ውስጥ አንድም ጊዜ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ መልሱን እያወቅሁ ሌላ እስኪመልሰው እጠብቅ ነበር። እዚህ ሌላ የሚመልስ አልነበረም።

«ጥያቄ አለኝ» አልሁ።

«ኢንጅነሯ ደግሞ ምን ልትለን ነው?» አለ ኃላፊው። «ሞተር ግራሶ መቀባቱን ትተሽ ክላሽ ጀመርሽ?»

የሳቁ ነበሩ። የፊቱን ወንበር ያዝሁ። «አባቴ ዓይናቸው አያይም» አልሁ። «ውቅርና ጥፍጥፍ የምትሉትን አያውቁም። የሚያውቁት በጣታቸው ነው። ክዳኑ ይከፈትና ይዳብሱት።»

«ክላሽ በስብሰባ ላይ አይፈታም።»

«ይፈታ» አለ ሊቀመንበሩ፤ እርሳሱን እያቆመ። «ጥይት የለውም አይደል? ይፈታና እንሂድ።»

ወደ ጠረጴዛው ሄጄ የላይኛውን ክዳን አነሣሁ፤ የውስጡን ብረቶችም አውጥቼ አጠገቡ ደረደርሁ። በየቅዳሜው ያንን ሃምሳ አለቃ እየረገምሁ ስለማደርገው እጄ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ የአባቴን እጅ ያዝሁ። በሕዝብ ፊት እጃቸውን ይዤ አላውቅም። ሊነጥቁኝ ሞከሩ፤ አጥብቄ ያዝሁት።

«አባ፣ በውጭ በኩል ይዳብሱ። አገኙት?»

«አገኘሁት። ስርጉድ ነው።»

«አሁን በዚያው በኩል ውስጡን።»

ጣታቸው ገብቶ ቆመ።

«ምን አለ?»

ጣታቸውን እዚያው አመላለሱት።

«አባ፣ የወፍጮ ድንጋይ ከፊቱ ሲወቀር በጀርባው ያብጣል?»

«አያብጥም» አሉ ቀስ ብለው።

«ለምን?»

«ድንጋዩ ከላዩ ይነሣል እንጂ ወደ ጀርባው አይሄድም።»

«ይህስ ለምን አበጠ?»

ጣታቸውን ወደ ውጭ አወጡት፤ እንደገና ወደ ውስጥ አስገቡት። ፊታቸው ቀላ። ተማሪያቸው በጉባኤ ላይ ሲያርማቸው ምን እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ አየሁ፤ ከዚያ በፊት የደፈረ ተማሪ ስላልነበረ አይቼው አላውቅም። ውጭ ሐይቁ ላይ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል።

«ይህ ውቅር አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

«አያችሁ» አለ ኃላፊው። «ቃሉን ቀየረ። እንግዲያው ጥፍጥፍ ነው በላ።»

«ጥፍጥፍም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ግፉዕ ነው።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን አቀና። «ምን ማለት ነው እሱ፣ የኔታ?»

«የተገፋ» አሉ አባቴ። «ብረቱ ከቦታው ሳይነሣ ከውጭ ተገፍቶ ሆዱ ውስጥ ያበጠ። ሲሰጠኝም የተገፋ ነበር፤ ስመልሰውም የተገፋ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ከሴቶቹ አንዷ ናት፤ ቶሎ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ወንዶቹ ዘንድ ደረሰ፤ ከፍ ያለ ሳቅ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ መሬት እያየ በአፍንጫው ነው የሳቀው። የተገፋው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ያልገባው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ኃላፊውም ገብቶታል፤ ግን ስለ ላሜራ የተናገረን ሰው ምን ብሎ ይከስሰዋል? አንድ ጎረቤታችን ተነሥቶ በእሱም ተራ የሚሰጡት ያቺኑ ባለ ስርጉዷን እንደሆነ ተናገረ። ሌላውም እንደዚያው አለ። ሊቀመንበሩ እርሳሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«የኔታ ወደ ቤታቸው ይሂዱ። የጠፋው መሣሪያ ጉዳይ ይጣራል።»

ሰው ሊነሣ ሲል ኃላፊው እጁን አወጣ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። «አንድ ነገር ይቀራል ጓድ ሊቀመንበር። ዓይናቸው አያይም ተብሏል። የማያይ ሰው ለጥበቃ አይሆንም፤ ልጃቸው ራሷ መስክራለች። ቤቱ ግን ተራ አለበት። መሣሪያ ፈትታ የምትገጥም ሰው እቤታቸው እያለች እኛ ሽማግሌ ስናንገላታ ኖርን።»

«እኔ አያለሁ» አሉ አባቴ።

«ልጅህ አይደለችም እንዴ ጣትህን ይዛ የመራችህ?»

ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተቃወመም። ሊቀመንበሩ በሩን እያየ ይሁን አለ። ሌሊት ከእነዚያ ጥበቃዎች ጋር አንዲት ልጃገረድ ምን ሊገጥማት እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አልፈርድባቸውም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን እፈርድባቸዋለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከፊቴ ቀደሙ። ልመራቸው ስጠጋ ክንዳቸውን አሸሹ።

«በሰው ፊት አረምሽኝ» አሉ።

«ሰኞ ወደ ላይ ይልኩዎ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በመስኮቱ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር።»

«በመስኮቱ ነግሬዎ ነበር።»

«የነገርሽኝ እንድዋሽ ነው። ውስጡን ይዳብሱ አላልሽኝም።»

እውነት ነበር። ቤት ገብተን የቀረበላቸውን ሳይነኩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። በማግስቱም አላናገሩኝም። ውኃ ሲፈልጉ የሚጠሩት ተማሪ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ስወጣ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ወዴት ነው አላልሁም፤ አልነገሩኝም። ከኋላዬ የመቋሚያቸው ድምፅ ይሰማኛል። ኃላፊው መሣሪያውን ሲሰጠኝ አየት አደረጋቸው።

«የኔታ፣ አንተ እኮ ከጥበቃ ተሰናብተሃል።»

«ለጥበቃ አልመጣሁም» አሉ አባቴ።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ቁጭ ልል።»

ከቀበሌው አጥር ሥር ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለእኔ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው። ሁለቱ ጥበቃዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ትንሽ ፈቀቅ ብለው እሳት አነደዱ። አባቴ እስኪነጋ ውዳሴያቸውን ደገሙ፤ አንድም ቃል ለእኔ አልተናገሩም። ጠዋት መሣሪያውን መልሼ ስወጣ ተነሥተው ነበር፤ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ።